ካዛብላንካን እንዲህ እዩት

ጥቁርና ነጭ ፊልም እንቅልፌን ያመጣዋል የምትሉ መጀመሪያ ይቺን ስሙኝ። ካዛብላንካ የሚባለው የ1942 የሆሊውድ የፍቅር ፊልም ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ይነሳል፣ ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። ዋናው ሰውዬ ሪክ ይባላል፣ ሞሮኮ ውስጥ የምሽት ክለብ ያለው አሜሪካዊ ነው፣ ለማንም ብዬ አንገቴን አልሰጥም የሚል ኩርፍ ያለ ሰው። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ግን ፋይሉን አገላብጦ አይቶታልና አንተ እኮ በ1935 ለኢትዮጵያ መሳሪያ በድብቅ ስታስገባ ነበር፣ በዓመቱ ደግሞ ስፔን ሄደህ ፋሺስቶቹን ተዋግተሃል ይለዋል። ሪክም በደንብ ተከፍሎኛል ብሎ ሊያልፈው ይሞክራል፣ አዛዡ ግን ሌላኛው ወገን ከዚያ በላይ ይከፍልህ ነበር ብሎ ዝም ያሰኘዋል።

እንግዲህ የፈረንጆቹ 1935 መጨረሻ በኛ 1928 ነው፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ ጃንሆይ ያኔ ጦሩን ሊመሩ እዚሁ ደሴ ገብተው ነበር፣ ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። አሜሪካ ደግሞ በዛው ዓመት ባወጣችው የገለልተኝነት ህግ ለሁለቱም ወገን መሳሪያ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ሪክ ያደረገው ነገር ህግ ጥሶ ነው። ሰውዬው አሁን ቢኮሳተርም ልቡ የተበዳይ ወገን እንደሆነ ለተመልካች የሚነገረው በኛ ስም ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን መስመር ሳይሰማው ያልፋል፣ የወሎ ሰው ግን ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ያቺን ዓረፍተ ነገር የያዘ ሰው ሪክ በኋላ የሚወስነው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

አሁን ወደ አስተያየቱ ልሂድ።

መጀመሪያ ስክሪኑን አስተካክሉ። ይሄ ፊልም የተቀረጸው ለዛሬው ሰፊ ቲቪ አይደለም፣ ስፋቱ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል፣ ይቅር። ብዙ ቤት ውስጥ ቲቪው ምስሉን ለጥጦ እንዲሞላ ተደርጎ ስለተቀመጠ የኢንግሪድ በርግማን ፊት እንደ ዳቦ ተነፍቶ ይታያል፣ ያንን ፊት ማበላሸት ደግሞ ፊልሙን ግማሹን ማበላሸት ነው፣ ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚለውን ፈልጋችሁ ወደ 4 በ3 መልሱት። ቀለም የተቀባ ቅጂም አለ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር ቀለም ቀብተው በቲቪ አሳይተውት ነበር፣ እሱን ካገኛችሁ ተዉት። የፊልሙ ካሜራማን አርተር ኤደሰን ብርሃኑን የሰራው ለጥቁርና ነጭ ነው፣ የመስኮቱ መጋረጃ ጥላ ሰው ፊት ላይ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ሲያርፍ፣ የሲጋራው ጭስ በመብራቱ ውስጥ ሲያልፍ፣ ይሄ ሁሉ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል።

ሰብታይትል ከፈለጋችሁ የፊልሙን ፋይልና የሰብታይትሉን ፋይል ስማቸውን አንድ አድርጋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ ቪኤልሲ ላይ ራሱ ይመጣል። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ሰብታይትል ክፈቱ፣ የድሮ ሰዎች አነጋገር ፈጣን ነው፣ በተለይ የፖሊስ አዛዡ የሚለው ነገር ሁሉ ሰም እና ወርቅ ስላለው አንዱ ካመለጣችሁ ቀጣዩ አይጥምም። ርዝመቱ 102 ደቂቃ ብቻ ነው፣ መብራት እንዳይጠፋባችሁ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ቆርጣችሁ ነገ እጨርሰዋለሁ የምትሉት ፊልም አይደለም። ጊዜውን እኔን ከጠየቃችሁኝ ክረምት ላይ ነው፣ ሐምሌ ውስጥ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ከቤት መውጣት ሲያስጠላ፣ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ። ሞባይላችሁን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ታሪኩን ትንሽ ሳያውቁ መጀመር ይከብዳል፣ ስለዚህ ይሄን ያህል እወቁ። ጊዜው ታህሳስ 1941 ነው በፈረንጆች። ጀርመን ፓሪስን በሰኔ 1940 ይዛለች፣ ፈረንሳይ ግማሿ በጀርመን ስር ነው፣ የቀረው ደግሞ ቪሺ በምትባል ከተማ የተቀመጠ ለጀርመን የሚታዘዝ መንግስት አለው፣ ሞሮኮም በፈረንሳይ ቁጥጥር ስር ስለነበረች በዛ መንግስት ስር ናት። ከናዚ የሚሸሽ ሰው ከፓሪስ ማርሴይ፣ ከማርሴይ ባህር ተሻግሮ ኦራን፣ ከዛ በባቡርም በመኪናም በእግርም ካዛብላንካ ይደርሳል፣ እዛ የመውጫ ቪዛ ካገኘ በአውሮፕላን ሊዝበን ከዛ አሜሪካ፣ ካላገኘ ቁጭ። ፊልሙ ሲጀምር በካርታ የሚያሳዩት ይሄን ነው። በባቲ በኩል አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከዛ በጀልባ የመን፣ ከዛ ሳውዲ ብሎ የወጣ ዘመድ የሌለው የወሎ ቤተሰብ ጥቂት ነውና ይሄን ክፍል ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም፣ ደላላው አለ፣ ወርቋን የምትሸጥ ሴት አለች፣ ዛሬ ነገ እየተባለ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሪክ ክለብ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ጠባቂ ነው።

እዚህ መሀል ማንም ሊከለክላቸው የማይችል ሁለት የመውጫ ደብዳቤዎች ይሰረቁና ሪክ እጅ ይገባሉ። ከዛ አንድ ምሽት ኢልዛ የምትባል ሴት ባሏን ይዛ ክለቡ ትገባለች፣ ባሏ ቪክቶር ላዝሎ ከናዚ ማጎሪያ ያመለጠ የትግል መሪ ነው፣ እሷ ደግሞ ፓሪስ ላይ ሪክን ጥላው የጠፋች ሴት ናት። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፣ መጨረሻውን የሚነግራችሁ ሰውም ካለ ጆሯችሁን ያዙ።

አሁን ዋናው ምክሬ፦ ፊልሙን ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ለፍቅሩ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳር ዳር ላይ ላሉት ፊቶች።

የመጀመሪያው ዙር የሁለት ሰው ነው፣ የሀምፍሪ ቦጋርትና የኢንግሪድ በርግማን። ቦጋርት ያኔ 42 ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጥ ይዞ መጨረሻ ላይ የሚሞት ወንበዴ ነበር የሚያደርጉት፣ የፍቅር ሰው ሆኖ የታየው እዚህ ነው። መልከ መልካም የሚባል አይነት አይደለም፣ ከንፈሩን ብዙም አያንቀሳቅስም፣ ዓይኑ ግን ሁልጊዜ የደከመው ነው፣ ሲናገር ሳይሆን ሰው ሲናገር ሲያዳምጥ እዩት። በርግማን 26 ዓመቷ ነው፣ ስዊድናዊት ናት፣ ቁመቷ ከሱ ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ አብረው ሲቆሙ ጫማው ስር ከፍ የሚያደርገው ነገር ያስገቡለት ነበር። ከስራ ውጪ ብዙም አይነጋገሩም ነበር ይባላል፣ ስክሪን ላይ ግን እንደዛ አይመስልም።

እሷ ላይ የሚታየው ግራ መጋባት ደግሞ የምሯ ነው። ስክሪፕቱ ቀረጻው ተጀምሮም ገና እየተጻፈ ነበር፣ መንትዮቹ የኤፕስታይን ወንድማማቾችና ሀዋርድ ኮች ናቸው የጻፉት፣ እና መጨረሻ ላይ ከማን ጋር እንደምትሄድ ስላልታወቀ በርግማን ዳይሬክተሩን ማይክል ከርቲዝን የትኛውን ነው የምወደው ብላ ስትጠይቀው በመሀል በመሀል አድርጊው አላት። ይሄን ይዛችሁ ሁለቱን ወንዶች የምታይበትን አስተያየት ተከታተሉ፣ ዓይኗ ውሳኔ የለውም። ካሜራው ብዙውን ጊዜ የሚያነሳት ከግራ ጎኗ ነው፣ ዓይኗ ውስጥ የምታዩት ያ ብልጭታም ሆን ተብሎ በትንሽ መብራት የተሰራ ነው፣ ይሄን ማወቅ ስሜቱን ይቀንሳል ብዬ አላምንም፣ እንደውም አንድን ፊት እንዲህ ተንከባክበው ለማሳየት ስንት ሰው እንደለፋ ሲገባኝ የበለጠ ነው የወደድኩት።

የዘፈኑ ቦታ ላይ ግን ምንም አታድርጉ፣ አታውሩ፣ አትተርጉሙ። ኢልዛ ፒያኒስቱን ሳምን ጠርታ የድሮውን ዘፈን ተጫወትልኝ ትለዋለች፣ እሱ ረሳሁት ይላታል፣ አልረሳውም፣ ሪክን የሚያቆስለው መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እሷ ራሷ ዜማውን በአፏ ታስጀምረዋለች። ከዛ ሳም መዝፈን ሲጀምር ካሜራው ወደሱ አይሄድም፣ እሷ ፊት ላይ ነው የሚቀረው፣ እሷ ደግሞ ምንም አታደርግም፣ አታለቅስም፣ ከንፈሯ ትንሽ ይከፈታል፣ ዓይኗ ክለቡን ትቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ በቃ። ትዝታ ቅኝት ሲመታ አንድ ሰው ዝም ብሎ ወደ መሬት ሲያይ አይታችሁ ታውቁ የለ፣ ያ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን ሲሰማ ያደገ ሰው ይሄን ትዕይንት ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልገውም። እኔ ይሄን ያረጋገጥኩት ከአክስቴ ጋር ሳይ ነው፣ ሁሉንም እየተረጎምኩላት መጥቼ እዚህ ጋ ስደርስ የዘፈኑን ግጥም ላስረዳት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ "ቆይ እታለም፣ አታውሪ" አለችኝ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ስኒዋን እንደያዘች ቀረች፣ ከዛ "ይቺ ልጅ ባሏን ታከብራለች፣ የምትወደው ግን እዛ ነው ያለው" ብላ ጨረሰችው። ሪክ ገና ወደ ጠረጴዛው አልመጣም ነበር።

ዘፈኑ ለፊልሙ የተሰራ አይደለም፣ በ1931 ሄርማን ሀፕፌልድ የጻፈው ነው። የፊልሙ ሙዚቃ አቀናባሪ ማክስ ስታይነር እንዲቀየር ፈልጎ ነበር፣ ግን በርግማን ለሌላ ፊልም ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ ስለነበር ትዕይንቶቹን እንደገና መቅረጽ አልተቻለም፣ በፀጉር ተረፈ ማለት ነው። ስታይነር ታዲያ ተስፋ አልቆረጠም፣ ያንኑ ዜማ ወስዶ ፊልሙን በሙሉ በሱ ሸመነው፣ አንዴ በቫዮሊን፣ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ ተሰባብሮ ይመጣል፣ ጆሮ ሰጥታችሁ ቁጠሩት። ሳምን የሚጫወተው ዱሊ ዊልሰን ደግሞ ድምፁ የራሱ ነው፣ ፒያኖ መጫወት ግን አይችልም ነበር፣ ሙያው ከበሮ ነው፣ ፒያኖውን ከካሜራ ጀርባ ሆኖ የሚጫወትለት ኤሊየት ካርፔንተር ነበር። ሪክ ክለብ ውስጥ ያለችው ያቺ ፒያኖ በፈረንጆቹ 2014 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ ከ3 ሚሊየን ዶላር በላይ ተሸጣለች።

ሁለተኛውን ዙር ከሳምንት በኋላ አድርጉት፣ ታሪኩን አውቃችሁታልና አሁን ዓይናችሁ ነፃ ነው። ይሄ ለኔ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ፊልሙ የተሰራው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ሞሮኮን አልረገጡም፣ ግን ስማቸው ከተጻፈላቸው ተዋናዮች መሀል አሜሪካ የተወለዱት ሶስት ብቻ ናቸው፣ ቦጋርት፣ ዱሊ ዊልሰን እና የቡልጋሪያዋን ሙሽራ የምትጫወተው ጆይ ፔጅ። ሌላው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፣ ብዙዎቹም ከሂትለር የሸሹ። ስደተኛ ሆነው የሚተውኑት ስደተኞች ናቸው።

አንድ በአንድ ፈልጓቸው። ክፉውን የጀርመን ሻለቃ ሽትራሰርን የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ጀርመናዊ ነው፣ ሚስቱ አይሁድ ስለነበረች ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጣ፣ እና ሆሊውድ ውስጥ ያገኘው ስራ የሸሻቸውን ሰዎች መስሎ መተወን ሆነ። ፊልሙ በተለቀቀ በጥቂት ወራት በ1943 ሞተ። ወፍራሙ ጉንጫም አስተናጋጅ ካርል፣ ሳካል የሚባል የሀንጋሪ አይሁዳዊ ነው፣ እህቶቹን ናዚዎች ጨርሰውበታል፣ እሱ ግን ፊልሙ ውስጥ ሰው የሚያስቀው እሱ ነው። የቡልጋሪያው ወጣት ባል ሄልሙት ዳንቲን ኦስትሪያዊ ነው፣ ናዚዎች ቪየና ሲገቡ አስረውት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ላብ በላብ ሆኖ ሪክን አስጥለኝ የሚለው ትንሹ ሰውዬ ፒተር ሎሬ በ1933 ከጀርመን የወጣ ነው። የሩሌቱን ጠረጴዛ የሚመራው ማርሴል ዳሊዮ ፈረንሳይ ውስጥ ትልቅ ተዋናይ ነበር፣ ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡ አይሁድ ይሄን ይመስላል ብለው ፊቱን ፖስተር ላይ ለጥፈውታል፣ ሆሊውድ ላይ የደረሰችው ያቺ ትንሽ ሚና ናት፣ ስትፈልጉት በደቂቃ ነው የሚያልፈው።

የዳሊዮ ሚስት ማድሌን ለቦ ደግሞ ኢቮን የምትባለዋ የሪክ ኩርፊተኛ ወዳጅ ናት። ሁለቱ ከፓሪስ በ1940 ሸሽተው በሊዝበን ሲወጡ የያዙት የቺሊ ቪዛ የውሸት ሆኖ መንገድ ላይ ቀርተው ነበር። አሁን ይሄን ይዛችሁ ወደ መዝሙሩ ትዕይንት ሂዱ። የጀርመን መኮንኖች ፒያኖውን ከበው የራሳቸውን የጦር መዝሙር ሲያስነኩት ላዝሎ ከፎቅ ወርዶ ቀጥ ብሎ ወደ ባንዱ ይሄዳል፣ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ማርሴዬዝን ተጫወቱ ይላቸዋል፣ ባንዱ ወደ ሪክ ያያል፣ ሪክ ሩቅ ቆሞ ጭንቅላቱን ትንሽ ብቻ ይነቀንቃል። እዚህ ጋ አቁማችሁ መልሳችሁ እዩት፣ ምክንያቱም ለማንም አንገቴን አልሰጥም ያለው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገን የለየው በዛች ንቅናቄ ነው። ከዛ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። ካሜራው ኢቮን ጋ ይመጣል፣ በዛው ምሽት ከጀርመን ወታደር ጋር ተያይዛ የገባችው ሴት ጉንጯ በእንባ ርሶ ትዘምራለች። ያ እንባ ትወና ብቻ አይደለም። ቀረጻው በ1942 ክረምታችን ላይ ነው፣ ጦርነቱ ማን እንደሚያሸንፍ አልታወቀም፣ አገሯ በጠላት እጅ ናት። ማድሌን ለቦ ከስማቸው ከተጻፈላቸው ተዋናዮች የመጨረሻዋ ሆና እስከ ፈረንጆቹ 2016 ቆይታለች፣ 92 ዓመቷ ነበር።

ፖሊስ አዛዡን የሚጫወተውን ክሎድ ሬይንስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አዛዡ ጉቦኛ ነው፣ ሴት ላይ ያለው ጠባይም የሚጠላ ነው፣ ግን በያዘው ፈገግታ ፊልሙን ይሰርቀዋል። ተዋናዩ ራሱ እንግሊዛዊ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዝ ተጎድቶ በአንድ ዓይኑ ከሞላ ጎደል አያይም ነበር። ለዚህ ፊልም ለኦስካር ታጭቶ አላገኘም፣ ፊልሙ ግን በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተርና በስክሪፕት ሶስት ወስዷል።

ኤርፖርቱ ላይ ስትደርሱ ከኋላ ያለውን አውሮፕላን ልብ በሉ። እውነተኛ አይደለም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ተቆርጦ የተሰራ ትንሽ ሞዴል ነው፣ ትልቅ እንዲመስል ዙሪያው ላይ አጫጭር ሰዎችን መካኒክ አድርገው አቆሙ፣ ጉም የለቀቁበትም ምክንያት እንዳያስታውቅ ነው። ይሄን ግን በመጀመሪያው ዙር ለማንም እንዳትናገሩ፣ አደራ፣ ያኔ ሰው የሚያየው ፊቶቹን ብቻ መሆን አለበት።

ከእናትና አባት ወይ ከአያት ጋር የምታዩ ከሆነ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት ትርጉም ሁሉንም አትከተሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ካርታውንና ጀርመን ፈረንሳይን መያዟን ንገሯቸው፣ ኢትዮጵያ የምትለዋ ቦታ ላይ አቁሙና አስረዱ፣ ሽማግሌ ካለ የጣሊያንን ጊዜ ከአባቱ የሰማውን ያወራል፣ አውርቶ ይጨርስ አታቋርጡት፣ ፊልሙ የትም አይሄድም። ፓሪስ ላይ ወደኋላ የሚመለስበት ክፍል ሲጀምር ይሄ የድሮው ጊዜ ነው በሏቸው፣ አለበለዚያ ግራ ይገባቸዋል። ሌላውን በፊታቸው ያነባሉ።

ቦጋርትን ከወደዳችሁት ቀጥሎ የ1941ዱን የማልታ ጭልፊት ፈልጉ፣ እዛ ውስጥ ፒተር ሎሬና እዚህ ሰማያዊ በቀቀን የሚባለው ካፌ ባለቤት የሆነው ወፍራሙ ሲድኒ ግሪንስትሪት አብረውት አሉ፣ የፍቅር ፊልም ብሎ መጥራት ይከብዳል ግን ሶስቱን አንድ ላይ ማየት ደስ ይላል። በርግማንን ከወደዳችኋት ደግሞ በ1946 በሂችኮክ የተሰራውን ኖቶሪየስ፣ ክሎድ ሬይንስ እዛ ባሏ ነው፣ ፈገግታውን እዛ ስታዩት ያስፈራችኋል። ሁለቱን ካያችሁ በኋላ ካዛብላንካን ለሶስተኛ ጊዜ ክፈቱት፣ በዚህ ጊዜ ሰብታይትሉን አጥፉት።